እንየው

ዝናቡ አላባራም፤ መስከረም ግማሽ ነው።
ደብረ ማርቆስ፣ አዳራሽ፤ ስክሪኑን ሰቀልነው።
ጄኔሬተር ከውጭ ያጓራል እንደ በሬ፣
ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይጠፋል እንደ ወሬ።

ድልድዩ በሐምሌ በጎርፍ ከተነሣ
ወላድ የምትሻገር በአራት ሰው ወሳንሳ፣
ከተምጫ ማዶ ነው የመጡት አምስቱ፤
ጋቢው እንደ ራሰ፣ ጭቃው እስከ ባቱ።
መሪያቸው እንየው ነው፣ በአንድ ወገን ደንቆሮ፤
ስንት ደም አድርቋል በቀረችው ጆሮ።

ስክሪኑ ተከፈተ። ሃያ ሰባት መስኮት፤
በየመስኮቱ ውስጥ አንድ አንድ ሰው፣ አንድ ኮት።
የአንዷ ሴትዮ ድመት ከትከሻዋ ወርዳ
ቁልፉን ረገጠችው፤ ጨለመ አንድ ጓዳ።
"ይሰማል?" ይላሉ። "ይሰማል" እላለሁ።
የሚሰማው ምን እንደሁ ቆይቼ አያለሁ።

ጎንጅ ቅኔ ቤት ነበርሁ አራት ዓመት ሙሉ፤
መዝረፍ አቃተኝና ወጣሁ ከመሃሉ።
ዛሬ አስተርጓሚ ነኝ፣ የቀን አበል አለኝ፤
ያ የጥንቱ ልማድ ግን አሁንም አልለቀቀኝ፦
ሰው አፉን ሲከፍት፣ ቃሉን ሳልጨርሰው፣
ሰሙን አስቀምጬ ወርቁን ነው የማስሰው።

ሊቀ መንበሯ መጣች፤ ወረቀት ዘርግታ
አነበበች ቀስ ብላ፣ ጨርሳ ሰላምታ፦
"ሁኔታው በጥልቅ ያሳስበናል" አለች።
ተርጉሜ ሳልጨርስ ደግማ ቀጠለች፦
"ጉዳዩን በቅርበት እንከታተላለን፤
የጋራ አቋማችን ሲጸድቅ እንጽፋለን።"

ጸሐፊው ሹክ ብሎኛል ቀድሞ በመልእክት፦
"በጥልቅ" ለሚለው ቃል ስድስት ቀን ሙግት፤
ሁለቱ "እጅግ" ይብቃ፣ አንዱ "በመጠኑ"፣
አንዱ ሲጽፍ አንዱ ሲሰርዝ፣ በስልክ ሲባክኑ።
ወንዙ በስድስት ቀን ሁለት ክንድ ሰፋ፤
ጥልቅነት ሳይጸድቅለት ጥልቅ ሆኖ ከፋ።
ሰሙስ ጥሩ ሰም ነው፣ ንብ የደከመበት፤
ወርቁን ግን ብፈልግ የለም ከነበረበት።

እንየው ተነሣ፣ ምርኩዙን ተክሎ፦
"ከእናንተ አንዱ ቢያኮርፍ፣ 'አልስማማም' ብሎ፣
ምን ታደርጋላችሁ?"
ተረጐምሁ።
ዝም።
ጄኔሬተሩን ብቻ ሰማሁ።
"እንጠብቀዋለን" አለ አንድ መነጽራም፣
"የአንዱ ድምፅ ከጎደለ ቃላችን አይወጣም።"

"እኛም እንዲያው ነን" አለ፣ ፊቱ እየፈካ፤
"በሾላው ሥር ቁጭ ነን ያ ሰው እስኪረካ።
የሚያኮርፈው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ሰው ነው፤
መሬቱ ከወንዙ ፈጽሞ የማይደርሰው።"
ሳቁ። ሳቅም ሩቅ ነው ለካ መንገዱ፤
እኛ ዝም ካልን በኋላ ደረሰን አንዳንዱ።

"ድልድዩስ?" አለች ውዴ፣ አዋላጇ፣ ከበር።
ሊቀ መንበሯ አሰበች። መልሷ አጭር ነበር።
ለዚያች ለአጭር ሐረግ ሁለት ቃል መጣልኝ፦
"ይጠናል"፣ "ይታያል"… አንዱም አልጣመኝ።
"እንየው" አልሁ።
"አቤት!" አለ ሽማግሌው፣
ምርኩዙን አንሥቶ፣ እንደ ተጠራ ሰው።

አቤት። ስሙን ሰምቶ የሚመልስ አቤት።
አቤት። ዳኛ ያጣ ሰው የሚጮኸው አቤት።
አንድ ቃል፣ ሁለት በር። ጎንጅ፣ አራት ዓመት
ደጅ የጠናሁት ቅኔ መጣ በስሕተት።
የኅብረቱ ሰዎች ኅብሩን አልሰሙትም፤
"ምን አለ?" ቢሉኝ ሁለቱን አልቻልሁም።
ግማሹን ላክሁላቸው፦ "'አለሁ' ነው የሚለው።"
ሌላውን ስጀምር ኔትወርኩ ሄደ፣ ያው።
ሃያ ሰባት አፍ
እንደ ተከፈተ ቀረ።

ደረጃው ላይ ስንወርድ እንየው ያዘኝ፣ እጄን፦
"ልጄ፣ ማን ነገራቸው?"
"ምኑን?"
"ስሜን።"
ደስ ብሎት ነበር።
ዝናቡን አየሁት።

ውዴ ከኋላችን ገመድ ትሰበስባለች፣
የኤክስቴንሽኑን፣ በክንዷ እየለካች፤
ሠላሳ ሁለት ክንድ።
"ተምጫ አርባ ነው" አለች።